ስግደት ሥራ አይደለም

ሰው ሁሉ «ደም አይዋሽም» ይላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ደም በመቅዳት የገፋሁ ሴት ነኝና ይዋሻል እላለሁ። ደሙ ራሱ ባይዋሽ እንኳ የቀዳው እጅ፣ ያስቀመጠው ብልቃጥ፣ የተሳፈረበት አውቶቡስ ያስዋሹታል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ በየቀኑ የምደግመው ተረት አንድ ነበር፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥርጣሬው ድሮም ነበረብኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ እኮ ሲስቁልሽ ጥርስ ትቆጥሪያለሽ» ትለኝ ነበር። ሥራው ደግሞ አባሰው። አንድ ጊዜ ለመቀጠር የጤና ምርመራ የመጣ ጎልማሳ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ የሰጠኝ ሽንት ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘሁት። አሁን ከሰው የወጣ ሽንት አይቀዘቅዝም። ባፋጥጠው ከቤቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞት የመጣው የወንድሙ ሽንት ነው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ከሚነግረኝ ነገር ግማሹን ብቻ ነበር የምወስደው፤ ያንንም ቢሆን አገላብጬ አይቼ ነው።

ሞባይል ስልክ በከተማችን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ከደብረ ኤልያስ ገጠር መጡ። አንደኛዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ደልደል ያለች፣ የሐኪሙን ወረቀት በእጇ ጨብጣ የያዘች ናት። ሌላዋ ሠላሳ ቢሆናት ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ቁልቁል አየችኝ። «ደግሞ ይቺ ማን ነኝ ብላ ነው?» አልኩ በሆዴ። ኋላ ነው የገባኝ፤ የዐይኖቿ ቆቦች ግማሽ ድረስ ወርደው አልነሣ ስላሏት ሰው ለማየት አገጯን ማንሣት ግድ ሆኖባት ነበር። እኔ በአንድ አፍታ የተቀየምኳትን ሴት አገሯ ለዓመታት በኩራተኛነት ያማት ኖሯል።

የበሽተኛዋን ነገር ሁሉ የምትናገረው ትልቋ ነበረች። የባሏ ታላቅ እህት ናት።

«ሲስተር፣ እኛ እውነቱን ብቻ ነው የምንፈልገው» አለችኝ። ነርስ ባልሆንም ሁሉም ሲስተር ነበር የሚለኝ። «ታማ እንደሆን ታማለች በሉን። ጤነኛ ተሆነች ግን ዳተኛ ናት። ውኃ ቀድታ እመንገድ ላይ ትቀመጣለች፤ እህል ፈጭታ ሳትጨርስ ትተኛለች። ወንድሜ ስምንት ዓመት ችሏል። ዝናብ ሳይጥል ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ወረቀታችሁን እዚያ ነው የምናስነብበው።»

«ጤነኛ ናት ከተባለስ?»

«ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለቻ። ልጂቱ ታባቷ ዘንድ ትቀራለች።»

ወጣቷ የወለሉን ሲሚንቶ ታያለች። ትልቋ ግን አልጨረሰችም። «ደግሞ ተእናቷ የወረሰችው ነው። እናቷንም ያገር ሰው ‘ዳተኛዋ’ ነበር የሚላት፤ በዚሁ ስሟ ሞተች። ዳተኝነት በዘራቸው ነው» አለች።

ሁለቱንም ጠረጠርኳቸው። ትልቋን ቤቱን ለራሷ ልታደርግ የፈለገች ነገረኛ ናት አልኩ። ወጣቷን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሥራ ለመሸሽ የምትተኛ ሴት ልትሆን ትችላለች ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያሉ አላየሁም አልልም።

ሐኪማችን በዚያ ዓመት የመጣ ወጣት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነበር። ከኔ ዘንድ ወደ እሱ ክፍል ሲመለሱ ያቺኑ «ተእናቷ የወረሰችው ነው» የምትል ስድብ ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «እስቲ ይድገሙልኝ፤ እናቷም?» አላት። ሴትዮዋ ስድቧ ይህን ያህል ሰሚ በማግኘቱ ደስ ብሏት ከመጀመሪያው ጀምራ ዘረዘረችለት። እሱም እየተጣደፈ ጻፈው።

በኋላ ወደ ላቦራቶሪ መጥቶ አስረዳኝ። «በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ከአባት አይወረሱም፤ ሁሉም የሚመጡት ከእናት ነው። እነሱ ሲበላሹ ሰውየው ይደክማል፣ የዐይን ቆቡ ይወርዳል። እርጥብ እንጨት ሲነድ ጭሱ እንደሚበዛው ሁሉ፣ ምድጃው በወጉ አልነድ ሲል ደም ውስጥ ላክቴት የሚባል ነገር ይበዛል። እሱን እንለካ።»

እሱንም ጠረጠርኩት። አዲስ ሐኪም ያነበበውን በሽታ አያጣም። ይሁን እንጂ ማዘዝ የሱ፣ መቅዳት የኔ ነውና ደሙን ቀዳሁ። እንደ ልማዴ ክንዷን በጎማ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። እንደ ልማዴ «ጨብጪ፣ ፍቺ፣ ጨብጪ» አልኳት። እኛ ዘንድ ላክቴት የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ ብልቃጡን በጥጥ ጠቅልዬ ጠዋት ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት። በሳምንቱ ከአንድ የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውጤት መጣ፤ ላክቴቷ ከሚገባው እጅግ በላይ ነው። ሐኪሙ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው።

እኔን ግን ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ብርቅ በሽታ በመጀመሪያው መርፌ እጅ ሰጠ ማለት ነው? ለማንም ሳልናገር የራሴን ደም ቀዳሁና የሌለች ሴት ስም ጽፌበት በዚያው አውቶቡስ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ የኔም ላክቴት ከሚገባው በላይ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ እየወጣሁ እየወረድኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ የዐይኔን ቆብ እያየሁ ከረምኩ። ምንም የለብኝም። እንደ ፈረስ ነኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። «ይቺኛዋ ማን ናት?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ውሎ አላደረም። ሐኪሙ የድሮ መምህሩ ዘንድ ስልክ ደውሎ ሲመለስ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነገረኝ። ጎማ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና «ጨብጪ፣ ፍቺ» ማለት የክንድን ጡንቻ ያሠራዋል፤ የሠራ ጡንቻ ደግሞ ላክቴት ያወጣል። ይህም ሳያንስ ደሙ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ እንኳ ሕያው ነው፤ ስኳሩን እየበላ ላክቴት ይጨምራል፤ የአባይ በረሃን ሙቀት ሲያገኝማ ይብስበታል። ለዓመታት በየሰዉ ጆሮ ያንበለበልኩት «ጨብጪ፣ ፍቺ» ለዚህ ምርመራ ሐሰተኛ ምስክር ነበር። እኔ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር አንድ ቀን የራሴን እጅ አልጠረጠርኩትም።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። ጎማ ቀረ፤ መጨበጥ ቀረ። የደሙን ሕዋሳት ሥራ የሚያስቆም መድኃኒት ያለበት ግራጫ ክዳን ብልቃጥ አስመጣን። ደሙ እንደተቀዳ በረዶ ውስጥ ይገባል፤ ደቂቃ ሳይፈጅ በማሽከርከሪያው ማሽን ይጣራል፤ የሚጓዘው ከላይ የሚንሳፈፈው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ እሱም በክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን። ከበሽተኛዋ ደም ጋር ሁልጊዜ የኔ ደም ይሄዳል፤ የኔ ከተበላሸ የሷም አይታመንም። በረዶውን የምናገኘው ከለስላሳ መሸጫው ሴትዮ ነበር። «ደሙ ምን ሆኖ ነው በረዶ የሚጠጣው?» ትለኝ ነበር።

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ሁለቱ ሴቶች ተመልሰው መጡ። ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ነበር ያደሩት። ከመቅዳቴ በፊት ሐኪሙ ያዘዘኝን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ዛሬ የቀመስሽው ነገር አለ?»

«ኧረ ገና ውኃም አልቀመሰች» አለች ትልቋ።

«ሥራስ ሠርተሻል?»

«ምንም ሥራ አልሠራሁም» አለች ወጣቷ፤ ድምፅዋን ስሰማ ያኔ ገና ሁለተኛዬ ይመስለኛል። ግንባሯ ላይ ትንሽ አፈር ነበረ። የመንገድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ውጤቱ መጣ። የኔ ደህና፤ የሷ ግን ከመጀመሪያውም በልጦ ሰማይ ነክቷል። ሐኪሙ ለሽማግሌዎቹ የሚነበበውን ወረቀት ወዲያው መጻፍ ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች ውጤቱን ሊሰሙ ተመልሰው መጥተው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ግን ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ስንጨምር ቁጥሩ መቀነስ ነበረበት፤ እሱ ግን ጨመረ። ያቺ የግንባር አፈር ትዝ አለችኝ። አስፋልት ዳር ካለ ቤት አድሮ የመጣ ሰው ግንባሩ ላይ ምን አፈር አመጣበት?

ትልቋን «እትዬ፣ እስቲ ካርድ ክፍል ሄደው ካርዷን ያምጡልኝ» ብዬ አሰናበትኳትና ወጣቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አገኘኋት።

«ባለፈው ደም የሰጠሽኝ ቀን፣ ከእንቅልፍሽ ተነሥተሽ እዚህ እስክትደርሺ ያደረግሽውን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ተነሣሁ፤ ታጠብኩ፤ ጸለይኩ፤ መጣሁ።»

«ስትጸልዪ ምን አደረግሽ?»

«ሰገድኳ።»

«ስንት?»

«አርባ አንድ። ሌላ ጊዜ ሃያ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ያን ቀን ግን ወድቄም ተነሥቼም ጨረስኩት፤ ውጤቴ እንዲያምርልኝ ብዬ።»

«ታዲያ ሥራ አልሠራሁም አላልሽኝም?» ጮኽኩባት።

ደንግጣ አየችኝ። «ስግደት ሥራ ነው እንዴ ሲስተር?»

እውነቷን ነው። በአገራችን ስግደትን ሥራ ብሎ የሚጠራ ክርስቲያን የለም። እኔም ብጠየቅ እንደሷ ነበር የምመልሰው። ጥያቄው ነው የተበላሸው።

ለምን ይህን ያህል እንደምትሰግድ ጠየቅኳት። ቀኖና ነው። ልጇን ከወለደች በኋላ ድካሙ ሲበረታባት የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ «ሐኬት አለብኝ» ብላ ተናዘዘች፤ ስንፍና አለብኝ ማለቷ ነው። ሁሉም ዳተኛ ሲላት እሷም አመነች። እሳቸውም ለሐኬት የሚሆነውን መድኃኒት አዘዙላት፤ ጠዋት አርባ አንድ፣ ማታ አርባ አንድ ስግደት። መጨረስ ሲያቅታት አለመጨረሷን ትናዘዛለች፤ እሱም ሌላ ሐኬት ሆኖ ይጨመርባታል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነች።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሐኪሙ እስክሪብቶ ወረቀት ሲጭር ይሰማኛል። ዝም ብል ወረቀቱ ይጻፋል፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ይነበባል፣ ይቺ ሴት ቤቷና ልጇ ዘንድ ትቀራለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ውጤት ባልጠረጥረው ብዬ ተመኘሁ። ነገር ግን ነገ ሌላ ሐኪም መርምሮ ሐሰት ነው ቢልስ? ያኔ ዳተኛ ብቻ ሳትሆን ወረቀት ያላት ውሸታም ትሆናለች። ገብቼ ነገርኩት። ሐኪሙ የጻፈውን ቀደደው፤ ከዚያም ያን ቀን ሙሉ አላናገረኝም።

አሁን ያለ ስግደት ከርማ ደሟ መቀዳት አለበት። እሷ ግን በጄ አላለችም። «የነፍስ አባቴን ትእዛዝ በሲስተር ቃል አልሽርም» አለችኝ። «እኔ ሄጄ ልጠይቃቸው?» ስላት «ይጠይቋቸው፤ ፈቅጃለሁ» አለች።

በደብረ ኤልያስ ገበያ ቀን በሚኒባስ ሄድኩ። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሸምግለዋል፤ ዐይናቸው ግን ንቁ ነው። ጉዳዬን ስነግራቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የንስሐ ልጄን ምሥጢር ላንቺ ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ናት አባ። ፈቅዳልኝ ነው የመጣሁት።»

«ልጄ፣ ደከመኝ የማይል ተነሳሒ አይቼ አላውቅም። ሁሉንም እያመንኩ ብፈታ ማን ይሰግድ ነበር?»

እኔ ስለ በሽተኞች የምለውን ነው ያሉት፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

«የታመመ አይሰግድም፤ ሕጉ የታወቀ ነው» ቀጠሉ። «ታማለች የሚል ወረቀት አምጪልኝ፤ ዛሬውኑ እፈታታለሁ።»

«አባ፣ ወረቀቱ እንዲጻፍ እኮ መጀመሪያ ስግደቱ መቅረት አለበት።»

«እኔ ደግሞ ያለ ወረቀት አላስቀርም።»

ልቃቂቱ ውሉ ጠፋ። እሳቸው እኔን፣ እኔ እሳቸውን እየጠረጠርን ተፋጠጥን። በመጨረሻ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቅ አሉና «አንቺ ልጅ፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ተትንሣኤ እስተ ጰራቅሊጦስ ማን ይሰግዳል?» አሉኝ።

አፈርኩ። በዓለ ሃምሳ፣ የማይጾምበትና የማይሰገድበት ሃምሳ ቀን፣ እዚያው ላቦራቶሪዬ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። «እኔ አልፈታኋትም» አሉ አባ ስሰናበት። «የምታሳርፋት ቤተ ክርስቲያን ናት።» እኔን ለመሸኘት ያገኙት ብልሃት ነው ብዬ እየጠረጠርኩ ተመለስኩ።

ከትንሣኤ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። ግማሽ ሰዓት አልጋ ላይ አስተኛናት። ስለ ምግብም፣ ስለ ሥራም፣ ስለ ጸሎትም ጠየቅኳት፤ ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅጻችን አልወጣም። ሐኪሙ ደግሞ አንድ ነገር አሰበ። «ያበላሸብንን ነገር ለምን ራሱን አንለካውም?» አለ። ደማችን መጀመሪያ ከተቀዳ በኋላ እኔና እሷ ጎን ለጎን ግቢውን እንድንዞር አደረገን፤ ከዚያ የሁለታችንም ደም እንደገና፣ ካረፍንም በኋላ እንደገና ተቀዳ። እኔ እያወራሁ ስዞር እሷ ሦስተኛው ዙር ላይ ግድግዳ ያዘች። ዞር ብዬ ፊቷን አየሁት፤ እንዲህ ያለውን ፊት ማንም አስመሳይ ሊሠራው አይችልም። ውጤቱ ሲመጣ የኔ ላክቴት ትንሽ ወጥቶ ወዲያው ወርዷል። የሷ ተኝታም ሳለች ከልኩ ያለፈ ነበር፤ ከዞረች በኋላ ተተኮሰ፤ አርፋም አልወረደም።

«ይህም ቢሆን ለብቻው ማስረጃ አይሆንም» አለ ሐኪሙ፤ እሱም እንደኔ መጠርጠር ለምዶ ነበር። ከጡንቻዋ ቁራጭ ተወስዶ እንዲታይ ወደ አዲስ አበባ ላካት። ዝናብ ከመጣሉ በፊት መልሱ መጣ። ሐኪሙ ያለው በሽታ ነው።

የባሏ እህት ወረቀቱ ሲነበብላት አጠገቧ ነበርኩ። ከእናት የሚወርድ ነው፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም ሲባል አዲስ ስድብ አገኘች ብዬ አፏን ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እናቷም ታማ ነዋ የሞተችው?» አለች። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ቀረ። ወጣቷ ሐኪሙን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጄስ?» አለችው። «ሊይዛት ይችላል፤ ላይዛትም ይችላል፤ አሁን ማወቅ አይቻልም» አላት።

አባ ዘንድ ስትሄድ ወረቀቱን እንዳነብላቸው አብሬያት ሄድኩ። የፈረንጁን ቋንቋ በአማርኛ እየፈታሁ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ስንት ዓመት አሰገድኩሽ?» አሏት።

«ስድስት፣ አባ።»

መስቀላቸውን አወጡ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ግንባሯን አሳለሟት። እኔ አንድ ነገር እንድትላቸው ጠበቅሁ፤ እንድትቆጣቸው ፈለግሁ እንጂ ጠበቅሁ ብቻ አልልም፤ ስለሷ ተቆጥቼ ነበር። እሷ አልተቆጣችም። ከተንበረከከችበትም አልተነሣችም።

«አባ፣ ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ተእንግዲህ እሷም ለእርስዎ መናዘዝ ትጀምራለች» አለች። «ደከመኝ ካለችዎ ይመኗት።»